ሮም ላይ የት እንብላ? የሰፈር ትራቶሪያና የቱሪስት ሬስቶራንት ሲነጻጸሩ

ሮም ስለምኖር ዘመድ ወዳጅ በመጣ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈው፣ ከፍራንክፈርት ለቅዳሜና እሁድ ብቅ የሚለው፣ ለስብሰባ የመጣው፣ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው። «ጥሩ ፓስታ የት እንብላ?» እስካሁን በድምፅ መልእክት ስመልስ ኖሬያለሁ። አክስቴ ባለፈው የከፈሉትን ሂሳብ ካየሁ በኋላ ግን በጽሑፍ ላስቀምጠው ብዬ ተነሳሁ።

መልሴን አልደብቅም። የሰፈር ትራቶሪያ ግቡ፤ ትራቶሪያ ማለት ቀለል ያለ የጣሊያን ምግብ ቤት ነው። ሜትሮ ተሳፈሩ፣ ከኮሎሴየምና ከትሬቪ ፏፏቴ ራቁ፣ ሰው ልብሱን በረንዳው ላይ የሚያሰጣበት ሰፈር ውረዱ። እዚያ አሥር አሥራ ሁለት ጠረጴዛ ያላት ትንሽ ምግብ ቤት ፈልጋችሁ ተቀመጡ። የሜትሮ ትኬት 1 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ነው። እሷን ከፍላችሁ በአንድ ምሳ ላይ መቶ ዩሮ ልታተርፉ ትችላላችሁ ስል አላጋነንኩም፤ ሂሳቡን ከታች ዘርዝሬዋለሁ።

ነገሩ ከደንበኛው ይጀምራል። ፏፏቴው አጠገብ ያለው ቤት እናንተን ዳግመኛ አያያችሁም። ብትከፉም ብትደሰቱም ለሱ ለውጥ የለውም፤ ነገ ጠዋት ሌላ አውቶቡስ ሙሉ ሰው በሩ ላይ ይራገፍለታል። የሰፈሩ ቤት ግን የሚኖረው ፎቅ ላይ ባለው ጎረቤት፣ ማዶ ባለው ጋራዥ ሠራተኛ፣ እሁድ እሁድ ከልጆቹ ጋር በሚመጣው ጡረተኛ ነው። ማክሰኞ ያስከፋው ሰው ሐሙስ አይመጣም። አለመምጣቱም አይበቃው፣ ለሰፈሩ ሁሉ ይናገራል። ዋጋውን የሚቆጣጠረው ይህ ፍርሃት ነው። ሌላው ሁሉ የዚህ ውጤት ነው።

አሁን ወደ አክስቴ ሂሳብ።

ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ነበሩ። ኮሎሴየምን አይተው ሲወጡ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እግራቸውም ዝሏል። በር ላይ የቆመ ሽክ ያለ ልጅ በእንግሊዝኛ «ኑ፣ ጥላ አለ፣ ቀዝቃዛ ውኃ አለ» አላቸው። ገቡ። አክስቴ የአሳማ ሥጋ እንዳያጋጥማቸው ስለሚፈሩ ውጭ ሲበሉ ሁልጊዜ የሚያዙት ዓሣ ነው። ሜኑው ላይ ከዓሣው ትይዩ 7 ዩሮ ይላል። በርካሽ ተገኘ ብለው አዘዙ። አስተናጋጁ ዓሣውን ጥሬውን በትሪ ይዞ መጥቶ አሳያቸው። «ዛሬ የገባ ነው» አለ። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሂሳቡ ሲመጣ 179 ዩሮ ከ40 ሆነ።

ልጃቸው ደረሰኙን በቴሌግራም ላከችልኝ። ዓሣ 84፣ ሁለት ፓስታ 32፣ አንድ ሰላጣ 9፣ ሁለት ኮካ 12፣ ሁለት ጠርሙስ ውኃ 10፣ ዳቦ ለሦስት ሰው 9። ድምሩ 156። በዚያ ላይ የአገልግሎት ተብሎ 15 በመቶ፣ ማለትም 23 ዩሮ ከ40። ለአንድ ሰው ወደ 60 ዩሮ መሆኑ ነው። እሳቸውም ቤት እስኪገቡ ድረስ ስለ ኮሎሴየም አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ የሚያወሩት ስለ ዓሣው ነበር።

የዓሣው ነገር እንዲህ ነው። ጣሊያን ውስጥ ሙሉ ዓሣ የሚሸጠው በኤቶ ነው። ኤቶ 100 ግራም ነው። ሜኑው ላይ ከ7 ቁጥር አጠገብ በትንሹ «ኤቶ» ተጽፏል። የመጣው ዓሣ 1 ኪሎ ከ200 ነበር፤ ያ 12 ኤቶ ነው፣ በ7 ሲባዛ 84። የሚመዘነው ደግሞ ጥሬው፣ ከነጭንቅላቱና ከነአጥንቱ ነው። በሕግ ስታዩት ስህተት የለበትም፣ ዋጋው ተጽፏል። ግን የሰፈሩ አስተናጋጅ ዓሣውን ይዞ ሲመጣ ሳይጠየቅ «ይህ ኪሎ ነው፣ ይህን ያህል ይመጣል፣ ለሦስት ሰው ይበዛባችኋል» ይላል። የቱሪስቱ ቤት «ዛሬ የገባ ነው» ብሎ ይመለሳል። የሁለቱ ቤት ልዩነት እዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ። ስለዚህ ዓሣ ካማራችሁ ከማዘዛችሁ በፊት «ኳንቶ ፔዛ?» በሉ፤ ስንት ይመዝናል ማለት ነው። ከዚያ ስልካችሁን አውጡና እዚያው ፊቱ አባዙት።

በማግስቱ እኔው ይዣቸው ወጣሁ። ጋርባቴላ ወሰድኳቸው። በ1920 ለሠራተኞች ተብሎ መሠራት የጀመረ ሰፈር ነው፤ ቤቶቹ ግቢ አላቸው፣ ግቢው መሐል የታጠበ ልብስ ሲደርቅ ይታያል። አራት ሆነን በላን። ካቾ ኤ ፔፔ የሚባለው ፓስታ 11፣ ፓስታ በሽምብራ 9፣ ለአክስቴ ጨጓራ 12፣ ለኔ የበግ ጠቦት ጥብስ 17፣ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ቺኮሪያ ጎመን 5፣ ሁለት ውኃ 5፣ ዳቦ ለአራት ሰው 6፣ ግማሽ ሊትር የቤቱ ወይን 5፣ ሁለት ቲራሚሱ 12። ድምር 82 ዩሮ። ለአንድ ሰው 20 ዩሮ ከ50።

ልብ በሉ፣ እዚህ ሥጋም፣ ወይንም፣ ጣፋጭም አለ። እዚያኛው ላይ ጣፋጭ አልነበረም። አንድ ጠርሙስ ውኃ እዚያ 5፣ እዚህ 2 ከ50 ነው፤ ያው በጠርሙስ የታሸገ ውኃ ነው። ሰው የፓስታውን ዋጋ ብቻ አይቶ «ልዩነቱ አራት አምስት ዩሮ ነው፣ ለመሄድ አይደክመኝም ወይ» ይላል። የሚላጨው ግን በፓስታው አይደለም። በውኃው፣ በኮካው፣ በዳቦውና መጨረሻ ላይ በሚደመረው በመቶኛ ነው። ቤቱ በር ላይ ስትቆሙ የፓስታውን ዋጋ ተዉትና የውኃውን ፈልጉ። ውኃ ከ3 ዩሮ በላይ የሚያስከፍል ቤት ሌላውም ላይ እንደዚያው ነው።

ሂሳቡን የሠራልን ሰውዬ ጠረጴዛው ላይ በተነጠፈው ወረቀት ላይ ነው በእስክሪብቶ የደመረው። በሮም የቆዩ ትራቶሪያዎች ልማድ ነው። ቁጥሩን እየጻፈ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፣ እናንተም ዓይናችሁን ከእጁ ጋር ታስኬዳላችሁ። የዘይት ነጠብጣቡ አጠገብ 82 ብሎ አሰመረበት። ከዚያ ሄዶ ደረሰኙን አመጣ። አክስቴ ወረቀቱን ደግመው ደመሩት፤ ልክ ነበር።

ስለ ኮፔርቶም ላንሳ፤ ብዙ ሰው የሚጣላበት ጉዳይ ነው። ኮፔርቶ ማለት ስለተቀመጣችሁ ብቻ በነፍስ ወከፍ የምትከፍሉት ነው። በሌሎች የጣሊያን ከተሞች ሜኑው ላይ እስከተጻፈ ድረስ የተለመደ ነው፤ ሚላን ወይም ፍሎረንስ ላይ ብታዩት አትደንግጡ። ሮም ያለችበት የላዚዮ ክልል ግን በ2006 በሕግ ከልክሎታል። ስለዚህ ሮም ላይ ደረሰኝ ላይ «ኮፔርቶ» ካያችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ብልጦቹ ስሙን ቀይረው «ዳቦ» ብለው ያስገቡታል። ዳቦ ማስከፈል አልተከለከለም። ግን ያላዘዛችሁት ዳቦ ሲቀርብ «አንፈልግም» ብላችሁ መመለስ ትችላላችሁ፤ ማንም አይቆጣም። የሰፈሩ ቤት አንድ ዩሮ አንድ ከ50 ይይዛል፣ ዳቦውም የሳህኑን ሳልሳ ጠርጋችሁ የምትበሉበት እውነተኛ ዳቦ ነው። እሱን ክፈሉ።

ይህ ሁሉ የኔ ቅሬታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2009 ፒያሳ ናቮና አካባቢ ሁለት ጃፓናውያን ለአንድ ምሳ ወደ 700 ዩሮ ከፍለው ነገሩ ዓለም አቀፍ ዜና ሆነ። በ2013 ደግሞ አራት እንግሊዛውያን መሐል ከተማው ላይ ለአራት አይስክሬም 64 ዩሮ ከፈሉ። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው። ሁለቱም የሆነው ቱሪስት በሚበዛበት መሐል ከተማ ነው።

ወደ ምግቡ ልግባ። ሁለቱን ቤቶች ለመመዘን አንድ ሳህን ይበቃል፤ ካቾ ኤ ፔፔ። ውስጡ ፓስታ፣ ከበግ ወተት የሚሠራው ፔኮሪኖ ሮማኖ አይብና ጥቁር ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው ያለው። ክሬም የለም፣ ነጭ ሽንኩርት የለም። ስለዚህ መደበቂያም የለም። አብሳዩ አይቡን የሚያዋህደው ፓስታው ከተቀቀለበት ውኃ ጋር ነው። ከፓስታው የወጣው ስታርች አይቡን አቅልጦ ያስይዘዋል። ሙቀቱ ከበዛ አይቡ ይቋጠራል፣ ካነሰ አይዋሃድም። ለዚህ ነው ታዞ ወዲያው የሚሠራው። ተሠርቶ የሚጠብቅ ካቾ ኤ ፔፔ የለም።

ሳህኑ ሲመጣ ቶሎ አትቅረቡት፣ መጀመሪያ እዩት። ጥሩው ላይ እያንዳንዱ የፓስታ ክር በስሱ ተለብጧል። በሹካ ስትጠቀልሉት ልባሱ አብሮ ይመጣል፣ ሳህኑ ሥር የሚቀረው ጥቂት ነው። ቁንዶ በርበሬው አቧራ ሆኖ አልተፈጨም፤ ተከክቷል፣ ጥርስ ላይ ቋ ይላል፣ ሽታው ከሳህኑ ቀድሞ ይደርሳል። የፌኩ ሳህን ውስጥ ነጭ ክሬም ይዋኛል፣ ፓስታው ለስልሷል፣ ቁንዶ በርበሬው ከላይ ለፎቶ ያህል ተነስንሷል። ይህን እዩና ሌላ ምግብ ሳታዙ ሂሳብ ጠይቁ። በእንዲህ ያለ ቤት ሁለተኛ ሳህን ማዘዝ ገንዘብ መጣል ነው።

አሁን ደግሞ ለኛ ሰው ትልቁ ጉዳይ፣ አሳማው። ሮም የምትኮራባቸው አራት ፓስታዎች አሏት። ካርቦናራ፣ አማትሪቻና፣ ግሪቻ እና ካቾ ኤ ፔፔ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ውስጥ ጓንቻሌ አለ፤ የአሳማ ጉንጭ ነው። «ካርቦናራ እንቁላልና አይብ ነው» ተብሎ የተነገራቸው ብዙ ዘመዶቼ ሳያውቁ በልተው አዝነዋል። አስተናጋጁ «ያለ ጓንቻሌ ይሠራልኛል?» ስትሉት እሺ ቢላችሁም እንዳታምኑ፤ ብዙ ቦታ የአሳማው ስብ ቀድሞ መጥበሻው ላይ ቀልጧል፣ ቁርጥራጩን ብቻ ነው የሚያወጡላችሁ። ካቾ ኤ ፔፔ እዘዙና ተገላገሉ። ሳልቲምቦካ የሚባለው የጥጃ ሥጋም ላዩ ላይ የአሳማ ሥጋ አለው። አጠያየቁ «ቼ ማያሌ?» ነው፤ አሳማ አለው ወይ ማለት ነው። የቱሪስቱ ቤት አስተናጋጅ ሳያጣራ «ኖ ኖ» ይላል። የሰፈሩ ቤት አስተናጋጅ ወደ ማድ ቤት አንገቱን ያስገባና ይጠይቃል። ይህን በዓይኔ ስላየሁ ነው የምናገረው። ወጥ ቤቱ ከጠረጴዛው ሦስት እርምጃ ነው፣ አብሳይዋም ራሷ የምግብ ቤቱ ባለቤት ትሆናለች።

ጭራሽ ሥጋት የማትፈልጉ ከሆነ የአይሁድ ሰፈር አለላችሁ፣ ቪያ ዴል ፖርቲኮ ዶታቪያ የሚባለው መንገድ። እዚያ ያሉት የኮሸር ቤቶች፣ ማለትም በአይሁድ የምግብ ሕግ የሚያበስሉት፣ አሳማ አያስገቡም። ዋጋቸው ከሰፈር ትራቶሪያ ይበልጣል፣ ግን ሙሉ ካርቾፎ በዘይት ጠብሰው ያቀርባሉ። ካርቾፎ ያልፈነዳ የአበባ እንቡጥ ነው፤ ሲጠበስ ቅጠሉ ተከፍቶ ይደርቃል፣ በእጅ እየለቀማችሁ ትበሉታላችሁ፣ ልቡ ደግሞ ለስላሳ ነው። ወቅቱ የክረምቱ መጨረሻና ፀደይ ነው። በፈረንጆች ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል ከመጣችሁ እንዳያመልጣችሁ። በሌላ ጊዜ የሚቀርበው ከሩቅ የመጣ ወይም ከፍሪጅ የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ይለፋችሁ።

ጾመኞችም አትሰጉ፣ የሰፈሩ ቤት ለእናንተ ይበልጥ ይሻላል። የሮም ሰው የቆየ የሳምንት ልማድ አለው። ሐሙስ ኞኪ የሚባለው የድንች ፓስታ፣ ዓርብ ዓሣ ወይም ሽምብራ፣ ቅዳሜ ጨጓራ። የድሮውን ልማድ የያዙ ትራቶሪያዎች ዛሬም ይህንኑ ያበስላሉ። ዓርብ ጾማችን ነው፣ የነሱም ማድ ቤት ከሥጋ የራቀበት ቀን ነው። ፓስታ ኤ ቼቺ፣ ማለትም ፓስታ በሽምብራ፣ በወይራ ዘይትና በሮዝመሪ ይሠራል። አንዳንዱ ቤት መጀመሪያ ላይ ፓንቼታ የሚባለውን የአሳማ ሥጋ ወይም አንቾቪ ዓሣ ስለሚያስገባ ጠይቁ። አይብ ከላይ እንዳይነሰንሱም «ሴንሳ ፎርማጆ» በሉ። ቺኮሪያው በወይራ ዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ መሰል ደረቅ ቃሪያ ነው፤ ንጹሕ ጾም ነው። ፒዛ ቤት ከገባችሁ ማሪናራ የሚባለው አይብ የለውም፣ ቲማቲምና ነጭ ሽንኩርት ነው፣ ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ከሌላው ፒዛ ያነሰ ነው።

ስለ ጨጓራው አንድ ነገር ልበል። ቴስታቾ የሚባለው ሰፈር የሮም ቄራ ነበረበት፤ ቄራው በ1975 ተዘግቷል። የቄራ ሠራተኛው ከሥጋው ይልቅ የውስጥ ዕቃውን ስለሚያገኝ ሰፈሩ በዚያ ምግብ ሠልጥኗል። ጨጓራ በቲማቲም፣ በናና ዓይነት ቅጠልና በፔኮሪኖ። የበሬ ጭራ በሴለሪ። እኛ ዱለት የምንበላ ሕዝብ ነን፤ ከሌላው ቱሪስት ይልቅ እኛ እንደሰትበታለን። ጨጓራው በደንብ ታጥቦ፣ ረጅም ሰዓት በስሎ ነው የሚመጣው። አክስቴ ሳህኑን በዳቦ ጠርገው በልተዋል። የጭራው ወጥ ውስጥ ግን የአሳማ ስብ ሊገባ ስለሚችል ያው ጥያቄ ይጠየቅ። በቱሪስቱ ቤት ሜኑ ላይ ይህን ዓይነት ምግብ ብትፈልጉ በአብዛኛው አታገኙትም። ላዛኛና ስፓጌቲ ቦሎኜዜ ነው የሚጠብቃችሁ፤ ሁለቱም የሮም ምግብ አይደሉም።

ፎርጅዱን እንዴት ትለያላችሁ? ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የሰፈር ትራቶሪያ ተወዳጅ መሆኑን ካወቁ በኋላ የቱሪስት ቤቶቹም መልኩን ኮርጀዋል። ቀይና ነጭ ዳማ ጠረጴዛ ልብስ፣ ግድግዳ ላይ የአሮጊት ፎቶ፣ ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለ ነጭ ሽንኩርት፣ በሩ ላይ «ትራቶሪያ» የሚል ጽሑፍ። ስሙን ማንም መጻፍ ይችላል። ትራስቴቬሬ የሚባለው ሰፈር በተለይ በዚህ ተሞልቷል። ጥሩ ቤቶችም አሉበት፣ ግን ኮፒው ስለበዛ ለእንግዳ ከባድ ነው።

እኔ መጀመሪያ የማየው በሩ ላይ የሚጠራ ሰው መኖሩን ነው። የሚጠራ ሰው ካለ አልገባም፣ ነገሩ አለቀ። ቀጥሎ ሰዓቱን። የሰፈሩ ቤት ከሰዓት በኋላ ይዘጋል፤ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ምሳ፣ ማታ ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ ራት፣ መሐሉ ዝግ ነው። በኛ አቆጣጠር ነው የምናገረው። ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ያለማቋረጥ የሚያበስል ቤት በአብዛኛው ከፍሪዘር አውጥቶ ያሞቃል። ሦስተኛ፣ ሜኑው። በስድስት ቋንቋና በምግብ ፎቶ ያበደ የፕላስቲክ ሜኑ ከሆነ ውጡ። ጥሩው አንድ ገጽ ነው፣ አንዳንዴ በእጅ የተጻፈ ነው፣ የዛሬው ምግብ ካለቀ ይሰረዛል።

የኮከብ ምልክቷንም እወቋት። ጣሊያን ውስጥ ምግብ ቤት በረዶ ሆኖ የገባን ነገር ሲያቀርብ ሜኑው ላይ መግለጽ አለበት። ብዙዎቹ ከምግቡ ስም አጠገብ ትንሽ ኮከብ ያደርጉና ገጹ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ያብራራሉ። አንድ ሁለት ኮከብ ችግር የለውም፤ ኦክቶፐስ ወይም ሽሪምፕ ከሆነ የሰፈሩ ቤትም ያደርገዋል። ፓስታው ሁሉ፣ ሥጋው ሁሉ ኮከብ ካለው ግን የምትከፍሉት ለማይክሮዌቭ ነው።

ከኢትዮጵያ በቀጥታ ለሚመጡ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። ፓስታው ጥሬ ሊመስላችሁ ይችላል። እዚህ መሐሉ ትንሽ እንዲጠነክር ነው የሚቀቀለው። ስጎውም እንደ ቤታችን በርበሬ ገብቶበት ሲንተከተክ የዋለ አይደለም፣ ቀለል ያለ ነው። መጠኑም ያንሳል፤ አንድ ሳህን 100 ግራም ገደማ ደረቅ ፓስታ ነው። ለስላሳ ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ «ቤን ኮታ» በሉ። አብሳዩ ቅር ይለዋል፣ ግን ይሠራላችኋል። ደግሞ ሁሉንም ዙር የማዘዝ ግዴታ የለባችሁም። ፓስታና አንድ የጎመን ሳህን አዞ መነሳት ነውር አይደለም። የቱሪስቱ ቤት «ሁለተኛስ? ጣፋጭስ?» እያለ ያስጨንቃችኋል። የሰፈሩ ቤት ዝም ብሎ ይጠብቃል።

የቱሪስቱ ቤት የሚሻልበት ጊዜ አለ ወይ? አለ። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ የራበው ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ፣ ወይም መራመድ ያቃታቸው ትልቅ ሰው አብረዋችሁ ካሉ። ያኔም ቢሆን ፒዛ በቁራጭ የሚሸጥ ቤት ግቡ። በሚዛን ነው የሚሸጠው፣ በመቀስ ቆርጠው ይመዝኑላችኋል፣ በ5 ወይም 6 ዩሮ ትጠግባላችሁ። እይታው ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ቡና ጠጡና እዩ። ግን ባንኮኒው ጋ ቆማችሁ ጠጡ። ቆሞ የሚጠጣ ኤስፕሬሶ ከአንድ ዩሮ ትንሽ በለጥ ይላል፤ ያንኑ ስኒ አደባባዩ ላይ ተቀምጣችሁ ስትጠጡ አራትና አምስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ውኃውንም መንገድ ላይ ካሉት የብረት ቧንቧዎች ቅዱ፤ ሮም ከ2000 በላይ አላት፣ ቀን ከሌሊት ይፈሳሉ፣ ቀዝቃዛና የሚጠጣ ውኃ ነው።

ተሸውዳችሁ ከተቀመጣችሁም ሁሉ ነገር አላለቀም። ከማዘዛችሁ በፊት ሜኑውን በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ይህን ልማድ አድርጉት። ሂሳቡ ሲመጣ ጠቅላላ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ከሆነ በዝርዝር ጠይቁ። ከፎቶው ጋር አስተያዩት። ሜኑው ላይ ያልተጻፈ ነገር ካለ በጣታችሁ አሳዩት፣ ድምፃችሁን ከፍ አታድርጉ። ብዙ ጊዜ «ይቅርታ፣ ተሳስተን ነው» ብለው ያወርዱታል። «የካርድ ማሽኑ ተበላሽቷል» ካሉ ደግሞ በ2022 በፈረንጆች የጸና ሕግ እንዳለ እወቁ፤ ካርድ አልቀበልም ያለ ነጋዴ ይቀጣል። ደረሰኝ አልሰጥም ካለ የፋይናንስ ፖሊስ ቁጥር 117 ነው። ስልካችሁን አውጥታችሁ ቁጥሩን መጻፍ ስትጀምሩ ብቻ ማሽኑ ይድናል። አክስቴ ይህን አላወቁም ነበር፣ ቢያውቁም ያ ዓሣ በሕግ የሚመለስ አልነበረም። የ15 በመቶው ነገር ግን ሜኑው ላይ ተጽፎ ነበር ወይ የሚለው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ ፎቶ ስላልተነሳ መልስ የለኝም።

ጉርሻ ግዴታ አይደለም። ከአሜሪካ የምትመጡ፣ 20 በመቶውን እርሱት። ደስ ካላችሁ ሁለት ሦስት ዩሮ ጠረጴዛው ላይ ተዉ፣ በቂ ነው።

የት እንሂድ ለምትሉ፣ የቤት ስም አልሰጥም፤ ስም በወጣ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። ሰፈር ግን እሰጣለሁ። ጋርባቴላ በሜትሮ ቢ። ቴስታቾ በዚያው መስመር ፒራሚዴ ላይ ወርዳችሁ በእግር። ፒኜቶና ቼንቶቼሌ በሜትሮ ሲ፤ ቼንቶቼሌ ትንሽ ይርቃል፣ ዋጋው ግን ከሁሉም ይሻላል። ኪሳችሁ ካጠረ ከራት ይልቅ በሥራ ቀን ለምሳ ሂዱ። ለሠራተኛ የሚሆን ቁርጥ ዋጋ አላቸው፤ ፓስታ፣ ሥጋ፣ አትክልትና ውኃ ከ12 እስከ 15 ዩሮ። አጠገባችሁ የሚበላው የኤሌክትሪክ ሠራተኛና የባንክ ጸሐፊ ከሆነ ትክክለኛ ቦታ ገብታችኋል።

ማታ ለመሄድ ከሆነ ቀድማችሁ ደውሉ፤ ጠረጴዛው ጥቂት ስለሆነ ዓርብና ቅዳሜ ቦታ አይገኝም። ኦገስት 15 በዓል ስለሆነ በዚያ ሳምንት ዙሪያ ብዙዎቹ የሰፈር ቤቶች ለእረፍት ይዘጋሉ፤ በሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ብቻ ነው የምታገኙት። በዚያ ሰሞን የምትመጡ ከሆነ ዋናው ባቡር ጣቢያ ተርሚኒ አካባቢ ያሉትን የሐበሻ ቤቶች ጠይቁ፤ የትኛው የሰፈር ትራቶሪያ ክፍት እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ።